የአራስ ቤት ሞግዚት

የአራስ ቤት ሞግዚት አዲስ ሕፃን በተወለደበት ቤት ለተወሰነ ጊዜ ተቀጥራ እናትየዋንና ጨቅላውን የምትንከባከብ ሠራተኛ ናት። ቆይታዋ ብዙውን ጊዜ ከወሊዱ ቀን ወይም ከጥቂት ቀናት በፊት ጀምሮ አራስ ቤቱ እስኪያበቃ፣ አንዳንዴም እናትየዋ ወደ ሥራ እስክትመለስ ድረስ ነው። በኢትዮጵያ ይህ ሥራ ለረጅም ዘመን ያለ ክፍያ የሚሠራ የዘመድ ግዴታ ነበር፤ ዛሬም በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል እንደዚያው ነው። እንደ ዲላ ባሉ እያደጉ ባሉ ከተሞች ግን ዘመድ በማይደርስበት ቤት ሥራው በደመወዝ ይሠራል። ሥራው ከዘመድ እጅ ወደ ቅጥር ሲሸጋገር ሕጉና ሥልጠናው እኩል አልተከተሉትም። በዚህም ምክንያት ለሕፃኑ ሕይወት እጅግ አደገኛ በሆነው ጊዜ ከሕፃኑ የማትለየው ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ ያልሠለጠነች፣ የጽሑፍ ውል የሌላትና በዕድሜም ለጋ የሆነች ናት።

ስያሜው

«ሞግዚት» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ትርጉም አለው። የመጀመሪያው ሕጋዊ ነው፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ በኃላፊነት የሚጠብቅ ሰው ማለት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አባትና እናትን የልጃቸው ሞግዚትና አስተዳዳሪ የሚላቸው በዚህ ትርጉም ነው። በታሪክም ራስ ተሰማ ናደው ለወጣቱ ልጅ ኢያሱ ሞግዚት ሆነው መሾማቸው ይታወቃል። ሁለተኛው ትርጉም በዕለት ተዕለት ንግግር የሚሠራበት ነው፤ ሕፃን ለመያዝና ለማሳደግ የተቀጠረች ሴት ማለት ነው።

«አራስ» በቅርቡ የወለደች ሴት ናት። የምትተኛበትና የምትታረስበት ቤትና ወቅት «አራስ ቤት» ይባላል። እርሷን መንከባከብ ደግሞ «ማረስ» ነው፤ «እናቷ አረሰቻት» ሲባል እናቷ መጥታ ምግቧን እያበሰለች፣ ገላዋን እያጠበች፣ ሕፃኑን እየያዘች አስተኛቻት ማለት ነው። የአራስ ቤት ሞግዚት የምትሠራው ሁለቱንም ነው፤ ልጁን ትሞግታለች፣ እናቱንም ታርሳለች። ከተራ የቤት ሠራተኛ የሚለያት ዋናው ሥራዋ ከእናትና ከልጅ ጋር መሆኑ ሲሆን፣ ከቋሚ ሞግዚት የሚለያት ደግሞ የቆይታዋ ማብቂያ ከመነሻው የሚታወቅ መሆኑ ነው።

አራስ ቤትና የዘመድ እጅ

በኢትዮጵያ ልማድ አራስ ብቻዋን አትተውም። እናቷ፣ አማቷ፣ እህቷ ወይም የአክስት ልጅ አብራት ታድራለች፤ ጎረቤት ገንፎና አጥሚት ይዞ ይመጣል። ወቅቱ የሚያበቃበት ቀን እንደ እምነቱ ይለያያል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። በሙስሊሞች ዘንድ ለልጁ የሚታረደው አቂቃ በ7ኛው ቀን ይደረጋል፤ የእናቲቱ የወሊድ ደም ጊዜም በብዙዎቹ ሊቃውንት ዘንድ እስከ 40 ቀን ይቆጠራል። የፕሮቴስታንት አማኞች በብዛት በሚኖሩበት በጌዴኦ ደግሞ ልጁን በጉባኤ ፊት አቅርቦ ማመስገን የተለመደ ነው።

አራስን ብቻዋን አለመተው በብዙ ቦታ ከዓይነ ጥላና ከመንፈስ ፍራቻ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ያም ሆኖ ልማዱ ከሕክምናው ምክር ጋር ይገጥማል። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ከባድ የደም መፍሰስ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ የሚታይ ሲሆን፣ ብቻዋን የተኛች እናት ራሷን ስታ ብትወድቅ የሚጮኽላት የለም። አጠገቧ የምታድረው ሴት የመጀመሪያዋ ምስክርና የመጀመሪያዋ ረዳት ናት።

በዲላና በጌዴኦ ዞን

ዲላ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ በሐዋሳ በኩል ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ዞኑ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ ከ840 ሺህ በላይ፣ የዲላ ነዋሪ ደግሞ 59 ሺህ ገደማ ነበር። የጌዴኦ ምድር በተራራማ መሬት ላይ ቡናን፣ እንሰትንና አገር በቀል ዛፎችን አንድ ላይ በሚያበቅል አስተራረሱ ይታወቃል፤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል።

በገጠሩ ቀበሌ የዘመዳሞች ቤት ተቀራርቦ ስለሚገኝ አራስን የሚያርስ አይጠፋም። ቅጥር የሚያስፈልገው በተለይ በሦስት ሁኔታዎች ነው። አንደኛው ከሌላ አካባቢ በሥራ ወደ ዲላ የመጣ ቤተሰብ ነው። ከተማዋ የዩኒቨርሲቲ፣ የሆስፒታል፣ የባንክና የቡና ንግድ ማዕከል በመሆኗ እናቷ በሌላ ክልል ያለች ወላድ በርካታ ናት። ሁለተኛው የቡና ወቅት ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ቀይ ቡና በሚለቀምበት ጊዜ የሴቶች ጉልበት በማሳው፣ በቡና ማጠቢያውና በአልጋ ላይ በሚደረገው ለቀማ ይያዛል። የዓመቱ ገቢ በእነዚህ ወራት ላይ ስለሚመሠረት ሴት አያት እንኳ ማሳዋን ትታ 40 ቀን ከተማ መቀመጥ ይከብዳታል። ሦስተኛው እናትየዋ ራሷ ተቀጣሪ ስትሆንና የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ ነው።

የዘመድ እጅ በቤትና በመንደር ላይ የቆመ መሆኑ በ2010 ዓ.ም. በግልጽ ታይቷል። በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተቀሰቀሰው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቅለው በትምህርት ቤቶች፣ በቤተ ክርስቲያኖችና በጊዜያዊ መጠለያዎች ተጠልለው ነበር። በእንዲህ ዓይነት ሁኔታ ነፍሰ ጡርና አራስ የሆነች ሴት ከቤቷ ጋር የሚያርሷትን ሴቶችም ታጣለች።

አቀጣጠር

ሠራተኛ የሚገኘው በሦስት መንገድ ነው፤ በዘመድና በጎረቤት ጥቆማ፣ በደላላ፣ ወይም ፈቃድ ባለው የሠራተኛና አሠሪ አገናኝ ኤጀንሲ። በደላላና በኤጀንሲ በኩል ሲሆን ብዙ ጊዜ «ተያዥ» ይጠየቃል፤ ተያዥ ለሠራተኛዋ ጠባይና ለንብረት ዋስ የሚሆን ሰው ነው። ለሠራተኛዋ ግን ደመወዟ እንዲከፈላት ዋስ የሚሆን ሰው የተለመደ አይደለም።

የአራስ ቤት ቅጥር ከሌላው የቤት ሥራ ቅጥር የሚለይበት ችግር አለው፤ የሚጀምርበት ቀን በትክክል አይታወቅም። ጊዜውን የጠበቀ ወሊድ ከ37ኛው ሳምንት እስከ 42ኛው ሳምንት መግቢያ ባለው ጊዜ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስምምነቱ ቢያንስ የሚከተሉትን አስቀድሞ ቢወስን ሁለቱንም ወገን ከኋላ ጭቅጭቅ ያድናል።

• ደመወዙ የሚቆጠረው ሠራተኛዋ ከገባችበት ቀን ነው ወይስ ከወሊዱ ቀን?
• ወሊዱ ቢዘገይ ወይም ቢቀድም፣ እናትና ልጅ በሆስፒታል ቢቆዩ ክፍያው እንዴት ይሆናል?
• ምጥ ሲመጣ ሆስፒታል አብራ ትሄዳለች ወይስ ቤት ትጠብቃለች?
• ልብስ አጠባ፣ እንጀራ ጋገራና የሌሎቹን ልጆች መጠበቅ ሥራዋ ነው ወይስ ሌላ ሰው ይሠራዋል?
• ሌሊት ማን ይነሣል? ቀን የምትተኛበት ሰዓት መቼ ነው?
• በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን የትኛው ነው?
• ሕፃኑ ቢሞት ወይም እናትየዋ ከክፍለ ጊዜው በፊት ብታሰናብታት ምን ያህል ይከፈላታል?

የመጨረሻው ጥያቄ ለመናገር የሚከብድ ቢሆንም ከሁሉ ይልቅ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ነው። ሐዘን ላይ ባለ ቤት ስለ ደመወዝ መጠየቅ ነውር ስለሚሆን ሠራተኛዋ የሠራችበትን ሳትቀበል የምትወጣበት ዕድል አለና።

ሠራተኛዋ ከመግባቷ በፊት የጤና ምርመራ ብታደርግ ይመከራል። ሳል ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየባት ሴት የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ሳታደርግ ጨቅላ መያዝ የለባትም። የምርመራው ወጪ የአሠሪው ቢሆን ተገቢ ነው።

የሥራው ይዘት

የመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት በሕክምና የጨቅላነት ጊዜ ይባላሉ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት 29ኙ በዚህ ጊዜ ውስጥ እንደሚሞቱ አሳይቷል፤ በ2011 ዓ.ም. የተደረገው አነስተኛ ጥናት ቁጥሩን 33 አድርጎታል። በዚያው ጊዜ በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ድርሻ ከ26 በመቶ ወደ 48 በመቶ አድጎ ነበር። በተቋም የተወለደ ሕፃን ግን የሚበዛውን የጨቅላነት ጊዜውን የሚያሳልፈው በቤቱ ነው። የሞግዚቷ ሥራ ክብደት ከዚህ ይመነጫል።

ጡት ማጥባት። ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲይዝና እስከ 6 ወር ከእናት ጡት በቀር ውኃም ቢሆን እንዳይሰጠው ይመከራል። የመጀመሪያው ወፍራምና ቢጫ ወተት፣ እንገር፣ ተጨልጦ የሚጣል ሳይሆን ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከል ነው። ጨቅላ በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። የሞግዚቷ ድርሻ ሕፃኑን ወደ እናቱ ማምጣት፣ እናትየዋ ጀርባዋን ተደግፋ እንድትቀመጥ ማመቻቸትና ከጠባ በኋላ ማስገሳት ነው። ከ5ኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ 6 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚሸና ሕፃን በቂ ወተት እያገኘ ነው ማለት ይቻላል። «ወተቷ አልበቃውም» ብሎ የላም ወተት ወይም የስኳር ውኃ በጡጦ መጀመር ግን ሕፃኑን ለተቅማጥ ያጋልጠዋል፤ ጡት የሚጠባበት ጊዜ ሲቀንስም የእናትየዋ ወተት ይቀንሳል።

እናትየዋ ወተቷን አልባ ስትወጣ ንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጣል። በክፍሉ ሙቀት እስከ 4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ እስከ 4 ቀን ይቆያል። የሚሞቀው ዕቃውን ሙቅ ውኃ ውስጥ በማስቀመጥ ሲሆን፣ በስኒ ወይም በማንኪያ ማጠጣት ከጡጦ ይልቅ ለማጽዳት ይቀላል።

እትብትና ገላ። የሕፃኑ ገላ ከተወለደ ከ24 ሰዓት በፊት አይታጠብም። የእትብቱ ጉማጅ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ይቆያል፤ የጤና ባለሙያ ካዘዘው መድኃኒት በቀር ቅቤ፣ አመድ ወይም ቅጠል አይቀባም። ሞግዚቷ ሕፃኑን ከመንካቷ በፊት፣ የሽንት ጨርቅ ወይም ዳይፐር ከቀየረች በኋላና ከመጸዳጃ ስትመለስ እጇን በሳሙና ትታጠባለች። ሥራው ከሚጠይቃቸው ልማዶች ሁሉ ይህ አንዱ ትልቁ ነው።

ሙቀትና አየር። በጌዴኦ የአየር ጠባዩ በጥቂት ርቀት ይለዋወጣል። በቡሌ ከፍታዎች ሌሊቱ ሲበርድ፣ ዝቅ ብላ ከባሕር ጠለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ዲላ ግን ሕፃን በብዙ ብርድ ልብስ ተሸፍኖ ከመጠን በላይ ሊሞቅ ይችላል። ሕፃኑ ደረቱ ሲዳሰስ የሚያልበው ከሆነ ልብሱ በዝቷል። በደጋው ክፍሉን ለማሞቅ በተዘጋ ቤት ከሰል ማቀጣጠል አደገኛ ነው፤ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው እናትና ልጅን ተኝተው ሳሉ ሊገድል ይችላል። ከዚህ ይልቅ ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አስተኝቶ ከላይ መሸፈን ያሞቀዋል፤ በተለይ ያለ ጊዜው ለተወለደ ሕፃን ይህ «የካንጋሮ እንክብካቤ» የሚባለው ራሱ ሕክምና ነው። ዲላና ሌሎቹ ዝቅተኛ ቦታዎች ወባ የሚታይባቸው በመሆናቸው እናትና ልጅ አጎበር ውስጥ ያድራሉ።

እንቅልፍና ለቅሶ። ሕፃን ሁልጊዜ በጀርባው ይተኛል፤ አጠገቡ ትራስና ለስላሳ የተደራረበ ልብስ አይኖርም። አንገቱ እስኪጸና በአንቀልባ ጀርባ ላይ አይታዘልም። ጤነኛ ሕፃንም ያለ ግልጽ ምክንያት ያለቅሳል፤ ለቅሶው እስከ 6ኛው ሳምንት እየበረታ ሄዶ ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ይቀንሳል። እንቅልፍ ያጣች ሞግዚት ትዕግሥቷ ሲያልቅ ሕፃኑን አልጋው ላይ አስተኝታ ሌላ ሰው መጥራት እንጂ መነቅነቅ የለባትም፤ መነቅነቅ አንጎሉን ሊያደማ ይችላል።

የእናት ምግብ። በጌዴኦ የእንሰት ምግብ ቆጮና ቡላ የዕለት ቀለብ ነው። የቡላ ገንፎ በቅቤ ለአራስ ከሚሠሩት የታወቁ ምግቦች አንዱ ሲሆን፣ የገብስ ገንፎና የአጃ አጥሚትም አብረው ይቀርባሉ። እነዚህ ብርታት የሚሰጡ ምግቦች ቢሆኑም በአብዛኛው ስታርችና ስብ ናቸው። እንቁላል፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ሥጋ፣ ጎመንና ፍራፍሬ ሲጨመሩ በወሊድ ያለቀውን ብረትና ፕሮቲን ይተካሉ። የምታጠባ እናት ከወትሮው የበለጠ ፈሳሽ ትጠጣለች።

የአደጋ ምልክቶች

ሞግዚቷ ሐኪም መሆን አይጠበቅባትም፤ ከሚከተሉት አንዱን ስታይ ግን ሳትዘገይ መናገርና ሕፃኑ ወደ ጤና ተቋም እንዲሄድ ማስቸኮል አለባት።

• ጡት መጥባት ያቆመ ወይም የማይነቃ ሕፃን
• የሚንቀጠቀጥ ሕፃን
• በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚተነፍስ፣ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ሕፃን
• ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ወይም ከ35.5 በታች ወርዶ ሰውነቱ የቀዘቀዘ ሕፃን
• በመጀመሪያው ቀን ቆዳው ቢጫ የሆነ፣ ወይም በማንኛውም ቀን መዳፉና የእግሩ ውስጥ ቢጫ የሆነ ሕፃን
• እትብቱ ዙሪያ የቀላ ወይም መግል ያለው ሕፃን

ለእናትየዋም ምልክቶች አሉ፤ ጨርቅን በፍጥነት የሚያርስ ደም፣ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ከዓይን ብዥታ ጋር የሚመጣ ከባድ ራስ ምታት፣ መንቀጥቀጥና የአንድ እግር ማበጥና ሕመም። «ምች ነው» ተብሎ በቤት የሚታከም ትኩሳት የማሕፀን ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። እናትየዋ ሁልጊዜ የምታለቅስ፣ እንቅልፍ ያጣች ወይም ልጇን ለመያዝ የማትፈልግ ከሆነም ስንፍና ተብሎ አይታለፍም፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የመንፈስ ጭንቀት ሕክምና አለው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ምክር እናትና ልጅ ቢያንስ 24 ሰዓት በተቋም እንዲቆዩ፣ ከዚያም ከ48 እስከ 72 ሰዓት፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀንና በ6ኛው ሳምንት እንዲታዩ ያሳስባል። የመጀመሪያዎቹ ክትባቶች፣ የሳንባ ነቀርሳውና በአፍ የሚሰጠው የፖሊዮ፣ በወሊድ ጊዜ ይሰጣሉ፤ ቀጣዮቹ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ናቸው። የቀጠሮ ካርዱን ቦታ ማወቅና ቀኑን ማስታወስ ከሞግዚቷ ጥቃቅን ግን ዋጋ ካላቸው ሥራዎች አንዱ ነው።

ልማድና ሕክምና ሲጋጩ

አራስ ቤት ብዙ መካሪ ያለበት ቤት ነው። ለጠያቂ የሚመጡ ሴቶች ሕፃኑን ቅቤ እንዲያውጡት፣ እርግብግቢቱን ቅቤ እንዲቀቡት፣ እንጥሉን እንዲያስቆርጡት ሊመክሩ ይችላሉ። ቅቤ ማዋጥ ወደ ሳንባ ሊገባ፣ እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ የደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ሊያመጣ ስለሚችል ሁለቱም ጎጂ ናቸው። የተቀጠረች ልጅ ግን እማማ ያሉትን «አይሆንም» ለማለት ሥልጣን የላትም። ለዚህ የሚሻለው መንገድ ውሳኔውን ከእርሷ ትከሻ ማንሣት ነው፤ ወላጆቹ በጤና ባለሙያ የተነገራቸውን አስቀድመው ለሁሉም ይናገራሉ፣ ሞግዚቷም «እትዬ ሳይፈቅዱ አልችልም» ብላ ማለፍ ትችላለች። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት ሲመጡ ምክሩን ለእናትየዋ ብቻ ሳይሆን ለሞግዚቷም ቢሰጡት ይጠቅማል።

ሌላው ጉዳይ ምስጢር ነው። ሞግዚት የእናትየዋን መድኃኒት፣ ሕመምና የትዳር ሁኔታ ታያለች። ለምሳሌ ቫይረሱ በደሟ የሚገኝ እናት ለሕፃኗ በየቀኑ የሚሰጥ የመከላከያ መድኃኒት ሊታዘዝላት ይችላል፤ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ጡትን ከሌላ ምግብ ጋር ማቀላቀል ለሕፃኑ አደጋ እንደሚጨምርም ይነገራታል። ሞግዚቷ መድኃኒቱን በሰዓቱ መስጠት፣ ያየችውን ግን ከዚያ ቤት ውጭ አለማውጣት ይጠበቅባታል።

ሕግ

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ላልሆነ የግል አገልግሎት የሚደረግን ቅጥር ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጎታል። በሰው ቤት የምትሠራ ሞግዚት በዚህ ውስጥ ትወድቃለች። ስለዚህ አዋጁ ለፋብሪካ ወይም ለሱቅ ሠራተኛ የሚሰጠው የሥራ ሰዓት ገደብ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያና የሳምንት ዕረፍት እርሷን አይመለከትም። በግሉ ዘርፍ አገር አቀፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልም የለም።

እርሷን የሚመለከተው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ ከአሠሪው ጋር የሚኖር ሠራተኛ የሚያድርበት ቦታና የሚመገበው ምግብ ለጤንነቱና ለሥነ ምግባሩ የሚስማማ እንዲሆን አሠሪውን ያስገድዳል። የቃል ስምምነትም በመርህ ደረጃ የሚጸና ውል ነው፤ ችግሩ ማስረጃው ነው። በሁለት ምስክር ፊት የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት፣ ወይም ደመወዙን በሞባይልና በባንክ መክፈል፣ ክርክር ሲነሣ ሠራተኛዋንም አሠሪዋንም ይጠቅማል።

ይኸው አዋጅ 1156/2011 በሌላ በኩል ለሥራው ፍላጎት መነሻ ነው። ተቀጣሪ እናት በክፍያ የ120 ቀን የወሊድ ፈቃድ፣ 30 ከወሊድ በፊትና 90 ከወሊድ በኋላ፣ ሲኖራት አባት 3 ተከታታይ ቀናት ብቻ አለው። አባትየው ከ3 ቀን በኋላ ወደ ሥራው ሲመለስና ዘመድ ከሌለ፣ ገና በቅጡ መነሣት ያልቻለችው እናት ሌላ እጅ ያስፈልጋታል። ፈቃዱ ሲያልቅ ደግሞ ሕፃኑ ጡት ብቻ የሚጠባበት 6 ወር ገና አልሞላም። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ የደነገገው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

የሠራተኛዋ ዕድሜና ደኅንነት

አዋጅ 1156/2011 ለሥራ የሚፈቀደውን ዝቅተኛ ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ዓመት ከፍ አድርጓል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣት ሠራተኞችም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ደንግጓል። የግል አገልግሎት ከአዋጁ ውጭ በመሆኑ ግን ይህ ጥበቃ በቤት ውስጥ ለምትሠራ ልጅ በቀጥታ አይደርስም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች ጉልበታቸውን ከሚበዘብዝ፣ ትምህርታቸውንና ጤናቸውን ከሚጎዳ ሥራ እንዲጠበቁ ያዛል። ከገጠር መጥታ ትምህርቷን ያቋረጠች የ13 ዓመት ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ጨቅላ ይዛ እንድታድር ማድረግ ከዚህ ድንጋጌ ጋር ይጋጫል፤ ለሕፃኑም አይበጅም።

ለአካለ መጠን የደረሰች ሠራተኛም የራሷ አደጋዎች አሉባት። በሰው ቤት ስለምታድር ሥራዋ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ሰዓት ይጠፋል። ደመወዟ «ስትወጪ እንሰጥሻለን» ተብሎ ሊከማች፣ ሕፃኑ ሲታመም ወይም ዕቃ ሲጠፋ ያለ ማስረጃ ልትወቀስ፣ ለጾታዊ ጥቃትም ልትጋለጥ ትችላለች። ጌዴኡፋ ብቻ ተናጋሪ ሆና አማርኛ በሚናገር ቤት የገባች ልጅ በተለይ ብቸኝነቱ ይጸናባታል፤ የአደጋ ምልክት አይታ ለመናገር ቃል ማጣቷ ደግሞ ለሕፃኑም ያሰጋል። ከውስጥ የሚዘጋ መኝታ፣ ከቤተሰቧ ጋር የምትገናኝበት ስልክና በየወሩ በእጇ የሚገባ ደመወዝ መሠረታዊ መጠበቂያዎች ናቸው። ሌሊት የተነሣች ሠራተኛ ቀን የምትተኛበት የታወቀ ሰዓትም ያስፈልጋታል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሕፃን እንደያዘ ሊተኛ ይችላል።

ሥልጠናና የሌሎች አገሮች ልምድ

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወደ ውጭ ለሥራ የሚሄድ ዜጋ 8ኛ ክፍል ያጠናቀቀና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያለው እንዲሆን ጠይቆ ነበር። በዚህ ሥርዓት አንዲት ኢትዮጵያዊት በባዕድ አገር ልጅ ለማሳደግ ሥልጠናና ማረጋገጫ ስትጠየቅ፣ በዲላ የተወለደ የ2 ቀን ጨቅላ ለመያዝ ግን ምንም አልተጠየቀችም።

በኔዘርላንድ «ክራምዞርግ» በሚባለው አገልግሎት የሠለጠነች የወሊድ ረዳት ከወሊድ በኋላ ለ8 ቀን ያህል ወደ ቤት እየመጣች እናትንና ልጅን ትከታተላለች፤ ወጪው በአብዛኛው በመሠረታዊው የጤና መድን ይሸፈናል። በቻይና ደግሞ እናት አንድ ወር የምትታረስበት ጥንታዊ ልማድ ወደ ቅጥር ሲሸጋገር «ዩዌሳኦ» የምትባል፣ ለዚያ ወር ብቻ የምትቀጠር ሠራተኛ የታወቀች ባለሙያ ሆናለች። ሁለቱም የሚያሳዩት የዘመድ ሥራ የነበረው ነገር ወደ ሙያ ሊያድግ እንደሚችል ነው።

የአራስ ቤት መጨረሻ

ቅጥሩ ሲያበቃ ርክክብ ይኖራል። የሕፃኑ የመተኛና የመጥባት ልማድ፣ የክትባት ካርዱ፣ የተሰጡት መድኃኒቶችና ቀጣዩ ቀጠሮ ለእናትየዋ ወይም ለቋሚዋ ሞግዚት ይነገራሉ። ቀሪ ደመወዝ በመውጫው ቀን ተቆጥሮ ይሰጣል። በዘመድ ልማድ ያረሰች ሴት ስትሄድ ልብስ ወይም ሌላ ስጦታ ይሰጣት ነበር፤ ዛሬም በብዙ ቤት ለሞግዚት ይደረጋል። ስጦታው ግን ምስጋና እንጂ ደመወዝ አይደለም፤ አንዱ በሌላው አይተካም። የሠራችበትን ጊዜና የሠራችውን የሚመሰክር አጭር ደብዳቤ ደግሞ ለቀጣዩ ሥራዋ ከደላላው ቃል የተሻለ መተማመኛ ይሆናታል።